ከጠርሙስ ስባሪ ፉል ሴት ጌጥ ስሠራ

የመጀመሪያው ፉል ሴቴ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የአንገቱን ለብቻ ብታዩት ያምራል፣ የእጁም ያምራል፣ ጉትቻውም አያሳፍርም። ሦስቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን ከሦስት ጎረቤት የተዋስኩት ነበር የሚመስለው።

ደሴ ነው የምኖረው፤ ዶቃ የምሠራው ከጠርሙስ ስባሪ ነው። አሠራሩን ያየሁት በቪዲዮ ነው። ጋና ውስጥ የክሮቦ ሰዎች ጠርሙስ ይወቅጡና ዱቄቱን ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ሸክላ ይሞሉታል፤ መሃሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል አገዳ ሰክተው እሳት ውስጥ ይከቱታል። አገዳው ተቃጥሎ ቀዳዳው ይቀራል። ደሴ ላይ ካሳቫ ከየት ይምጣ? በስንደዶ ተካሁት። አንዱ ስለሚቀጥን ሦስቱን በክር አስሬ እሰካለሁ፤ ዶቃው ቀልቶ እንዳለ ደግሞ በጉጠት አውጥቼ ቀዳዳውን በወስፌ አቃናለሁ። ሰፌድ ሲሰፋ እያየሁ ስላደግሁ ስንደዶና ወስፌ ለመፈለግ አልተቸገርኩም። ሸክላውን ሸክላ ሠሪ ዘንድ አሠራሁ። መስታወቱ እንዳይጣበቅበት ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) በውሃ በጥብጬ እቀባዋለሁ።

አያቴ ግን «ጨሌ ልሠራ ነው» ስላቸው ገና ከስሙ ተጣሉ። «ጨሌ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የዛር አይደለም እንዴ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ፊትም ደንበኛ ፊትም «ዶቃ» ነው የምለው።

መጀመሪያ ያከሰረኝ ቀለም መደባለቅ ነው። ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ዱቄት ላይ አረንጓዴ የወይን ጠርሙስ ዱቄት በመስመር ጨምሬ ሠራሁ፤ ከምድጃ ሲወጣ ዓይን የሚስብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ሳለን ከመሳቢያው «ጢቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ «ጢቅ»። ጠዋት ሳየው ከ20ው ዶቃ 7ቱ ልክ ሁለቱ ቀለሞች በተገናኙበት ላይ ተሰንጥቀዋል። መስታወት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሁለቱ ጠርሙሶች የሚሰበሰቡበት ልክ ከተለያየ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ይኖራል ማለት ነው። አሁን ለአንድ ዶቃ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ብቻ ነው የምጠቀመው። ሌላ ቀለም ካስፈለገኝ ነጭ ጠርሙስ ወቅጬ የሴራሚክ ቀለም እጨምርበታለሁ። ለ100 ግራም ዱቄት 1 ግራም የኮባልት ቀለም ደህና አድርጎ ሰማያዊ ያደርገዋል። (ጠርሙስ ስትወቅጡ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ብናኙ ለሳንባ ጠላት ነው።)

ሁለተኛው ኪሳራ የችኮላዬ ነው። ዱቄቱን 800 ዲግሪ አካባቢ አቅልጬ፣ 550 ላይ አንድ ሰዓት አቆይቼ፣ ምድጃውን እስከ ጠዋት ዘግቼ መተው ነበረብኝ። አንድ ማታ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ምድጃው ወፍራም ጡብ ስለሆነ ዝም ብዬ ብተወው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔ ግን «ምን ሆኖ ይሆን» ብዬ በሩን ከፈትኩት። 60 ዶቃ አለቀ። መብራቱን ስረግም አደርኩ፣ ጥፋቱ ግን የበሩ ነበር።

ዶቃው መሰንጠቅ ካቆመ በኋላም ያ የአንገቱ፣ የእጁና የጉትቻው አለመግጠም ነገር አልተፈታም። የፈታልኝ ባቲ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰኞ ገበያ ሄጄ አንዲት እናት አንገት ላይ ዓይኔ ቀረ። ትልልቅ የአምበር ዶቃ አድርገዋል፤ አንዱ ማር፣ አንዱ እንደ ቅቤ የገረጣ፣ አንዱም ጎኑ የተፈነከተ። መሃሉ ላይ ማርትሬዛ፣ የድሮው የብር ገንዘብ፣ ተንጠልጥሏል፤ ያው ሁሉም ላይ ያለው ዓመት፣ 1780፣ ይነበባል። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ ጌጡ ግን አንድ ነው። ሳልገዛ ብዙ ስላፈጠጥኩ «ምነው ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ። እንዳልሰርቃቸው ሳይፈሩ አልቀሩም። ጠጋ ብዬ ስቆጥር ከየአምበሩ ግራና ቀኝ ያችው አንዲት ቀይ ትንሽ ዶቃ አለች። ትልልቆቹን የምታስታርቀው እሷ ናት።

እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን የምደክመው ትልልቆቹን ለማመሳሰል ነበር። ትንንሾቹን ከተረፈ ዱቄት ነበር የምሠራቸው፤ ስለዚህ የአንገቱ ትንሽ ዶቃ ሌላ፣ የእጁም ሌላ ነበር።

ቀጥሎ የመጣችው ደንበኛ ሙሽራ ናት፤ አረንጓዴና ወርቅማ ጥለት ያለውን ቀሚሷን ይዛ። በዚህ ጊዜ ከትንንሾቹ ጀመርኩ። ከቡናማ ጠርሙስ፣ ባንድ ቀን ከወቀጥኩት ዱቄት፣ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ 140 ዶቃዎች አወጣሁ፤ ከሚያስፈልገኝ ሩብ ያህል አስበልጬ፣ ምክንያቱም ጠማማና ቀዳዳው የተደፈነ አይጠፋም። ቡናማ ጠርሙስ ሲወቀጥ ጥራቱ ይደበዝዝና ወደ ማር ያደላል። ስለዚህ ከጥለቱ ጋር የማመሳክረው ጠርሙሱን አይደለም፤ ከየጠርሙሱ አንድ አንድ ተጠብሶ የተሰካበት የናሙና ክር አለኝ፣ እሱን ነው። እሱንም በቀን ብርሃን። ማታ በአምፖል የመረጥኩት ማር ቀለም ጠዋት ጭቃ ሆኖ ጠብቆኛል።

ከዚያ ጉትቻ። ጥንዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ከአንገቱ መቅደም አለበት። 30 አረንጓዴ ዶቃ ሠርቼ በወርቅ ሠሪ ሚዛን እየመዘንኩ 4 ግራም የሆኑ ሁለት መረጥኩ። ትልቁ፣ ባለ 22 ሚሊ ሜትሩ፣ የአንገቱ መሃል ሆነ፤ ግራና ቀኙ 16፣ ከዚያ 12 እያለ ይወርዳል፣ በየመሃሉ ያችው ማር ዶቃ። ለእጁ ትልቅ አልጨመርኩም፤ ሙሽራ እጇን ስታነሳ ስታወርድ ነው የምትውለው፣ ቀሚሱን እንዳይዝባት ብዬ።

ሳስረክባት የጠየቅኋትን ዋጋ ሳትከራከር ከፈለች፤ ወሎ ላይ ይህን ያየ ብዙ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የመሳቢያውን አውጥቼ ፈታሁት። ከሙሽራዋ የተረፉትን ትንንሾች በየመሃሉ እየጨመርኩ እንደገና ስሰካ አንገቱና እጁ ታረቁ። ጉትቻው ግን እምቢ አለ፤ አንዱ 9 ግራም፣ ሌላው 7 ነው። አያቴ ጆሯቸው ላይ ሞክረው «ይሄ እንኳን ለዛርም አይሆን» ብለው መለሱልኝ።