ይግባኝ ባይ ሲቀር ችሎቱ ምን ብሎ ይጻፍ?

«ይግባኝ ባይ ስላልቀረቡ የሥር ፍርድ ቤት ፍርድ ጸንቷል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።» ትእዛዙ አጭር ነው፤ ግን የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይቋጥራል። ማጽናት ክርክሩን መርምሮ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ባለጉዳይ ቀረ ብሎ መዝገብ መዝጋት ግን ስለ ፍሬ ነገሩ አንድም ቃል አይናገርም። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰውየው እዚያው ደብረ ማርቆስ መዝገቡን በዘጋው ፍርድ ቤት መዝገቤ ይከፈትልኝ ይበል ወይስ ባሕር ዳር ወዳለው የበላይ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ ግራ ይገባዋል። ሲያጠያይቅ የማስከፈቻው ጊዜ ያልቃል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተከራካሪዎችን መቅረት ከቁጥር 69 እስከ 78 ይመራል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው መዝገቡ በተዘጋ በአንድ ወር ውስጥ ያመለክታል። አንድ ወር ለከተማ ሰው ረጅም ነው። መዝገቡ መዘጋቱን ራሱ ዘግይቶ ለሚሰማ የሞጣ ወይም የቢቸና ገበሬ ግን እንደዚያ አይደለም።

ስለዚህ ዳኛው ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ያጣራ፦ ይህን ቀን ለይግባኝ ባዩ ማን ነገረው? ችሎት ቀርቦ ቀጠሮውን ከሰማና ይኸው ከተመዘገበ ነገሩ ቀላል ነው። ችግሩ ቀጠሮ በጽሕፈት ቤት በኩል ሲለወጥ ነው። ዳኛው ፈቃድ ወጣ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ችሎት አልተሟላም ይባልና አዲሱ ቀን ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዕለቱ ያልነበረ አያየውም። ቀኑ መነገሩን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የመጥሪያ ማስረጃ ከሌለ ትክክለኛው ትእዛዝ «ይነገረው» ነው፤ መዝጋት አይደለም።

ቀጠሮው ለምን እንደተያዘም ይታይ። ፍርድ ለማንበብ በተያዘ ቀን ይግባኝ ባይ ቢቀር ፍርዱ ይነበባል እንጂ መዝገብ የሚያስዘጋ ነገር የለም።

ደረጃውም ይለያል። ይግባኙ ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም፣ ማለትም ሌላውን ወገን ጠርቶ ለመስማት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚባልበት በመጀመሪያው ቀን መልስ ሰጪው (ይግባኝ የተባለበት ወገን) ገና አልተጠራም፤ በይግባኝ ባዩ መቅረት የሚጉላላ ሰው የለም። እዚያ ላይ ስሙን ጠዋት 3 ሰዓት ጠርቶ ወዲያው ከመዝጋት፣ የዕለቱ መዝገቦች ሲያልቁ ደግሞ መጥራት ምንም አያስከፍልም። አውቶቡስ ዘግይቶበት በር ላይ የሚደርስ ብዙ ነው። ያስቀርባል ከተባለ በኋላ ግን መልስ ሰጪው ጠበቃ ይዞ፣ ሥራ ፈቶ መጥቷል። እዚያ ትዕግሥቱ ማጠር አለበት፤ መዝገቡ ቢከፈት እንኳ የዚያ ቀን ወጪና ኪሳራ በቀረው ላይ ቢወሰን ተገቢ ነው።

ይግባኝ ባዩ ሞቶ ከሆነስ? ይህንም መልስ ሰጪውን መጠየቅ ነው፤ የአንድ አገር ሰዎች ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ወራሾች የሚተኩበትን ጉዳይ «ቀረ» ብሎ መዝጋት ሌላ ክርክር መውለድ ነው። መልስ ሰጪው መስቀለኛ ይግባኝ፣ ማለትም በዚያው ፍርድ ላይ የራሱን ቅሬታ፣ አቅርቦ ከሆነም የእሱ አቤቱታ ሳይታይ አብሮ እንዳይዘጋ።

ትእዛዙ ሲጻፍ ስንት ሰዓት እንደተጠራ፣ ቀጠሮው እንዴት እንደተነገረው፣ ማን እንደቀረበ፣ ፍሬ ነገሩ አለመታየቱን ይግለጽ። በመዝገቡ ላይ የአፈጻጸም እግድ (የሥር ፍርዱ እንዳይፈጸም የሚያቆይ ትእዛዝ) ካለ መነሳቱ በግልጽ ይጻፍ፤ ዝም ከተባለ አንዱ ወገን እግዱ አለ ብሎ፣ ሌላው የለም ብሎ ማሳው ላይ በሬ ጠምዶ ይገናኛሉ።

ማስከፈቻው ሲቀርብ «ታምሜ ነበር» ብቻ አይበቃም። የሕክምና ወረቀቱ የቀጠሮውን ቀን ይሸፍን፤ ከሳምንት በኋላ የተጻፈ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ የማይናገር ወረቀት ዋጋ የለውም። ለቅሶ ወይም የመንገድ መዘጋት ከሆነ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ቀኑ ተጠቅሶ፣ ከቃለ መሐላ ጋር ይያያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጎጃም መንገድም ስልክም ደጋግሞ ሲቋረጥ ለከረመ ሰው ግን ወረቀት ራሱ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቀበሌው ተዘግቶ ደብዳቤ አምጣ አይባልም። በዚያ ቀን ከዚያ ወረዳ ሌላ ባለጉዳይ መጥቶ እንደነበር የችሎቱን የዕለት መዝገብ ማየት ከብዙ ማኅተም የተሻለ ይናገራል። መልስ ሰጪውም ሳይሰማ መዝገቡ አይከፈት፤ መንገዱ ክፍት እንደነበር የሚያስረዳው እሱ ሊሆን ይችላል።