መድረክ የሌለው ምሽት፦ የእንግሊዝ ባህላዊ ሙዚቃ በሼፊልድ

ከለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ እስከ ሼፊልድ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም። የሄድኩት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ የእንግሊዝን ባህላዊ ሙዚቃ ያለ መድረክና ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በፐብ (በእንግሊዝ መጠጥ ቤት) ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጫወቱት ለመስማት። እዚያ ሰዎቹ ስብስቡን «ሴሽን» ይሉታል።

ጨዋታው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡30 ላይ ነው፤ ደህና ቦታ የሚፈልግ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይግባ። ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ባዶ ቢሆንም አይቀመጡበትም፣ የሙዚቀኞቹ ነው። ምርጡ ቦታ ከእነሱ ጀርባ ያለው ረድፍ ነው፤ ከባንኮኒው አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የብርጭቆ ኳኳታ ነው። አስተናጋጅ አይመጣም፤ ባንኮኒ ሄዶ ማዘዝ፣ እዚያው መክፈል ነው። ከምድር ቤት በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው ቢራ 12 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ስለሚቀርብ በረዶ የመሰለ ቢራ ለለመደ ሰው ለብ ያለ ይመስለዋል። ፓይንት የሚሉት የቢራ መለኪያ 568 ሚሊ ሊትር ነው፣ ዋጋውም ከ4 ፓውንድ በላይ። ምሽቱ ረጅም ስለሆነ ግማሽ ግማሹን ማዘዝ ይሻላል።

እኛ አገር አዝማሪ ቤት የገባ እንግዳ አዝማሪው ፊቱ ቆሞ ስሙን እያነሳ ይገጥምለታል፤ እንግዳውም ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እዚህ ሙዚቀኞቹ ክብ ሠርተው ፊታቸውን እርስ በርስ፣ ጀርባቸውን ለሰው ያደርጋሉ። ንቀት አይደለም፤ ማይክራፎን ስለሌለ የጎረቤትን ቀስትና እግር ካላዩ አብሮ መሄድ አይቻልም። አብዛኞቹ የሚከፈላቸው የለም። መሪ የሆኑት አንድ ሁለት ሰዎች ከቤቱ መጠጥ ይቀርብላቸዋል፣ ወይም ትንሽ ገንዘብ ይሰጣቸዋል።

ሜሎዲዮኗን፣ ማለትም ባለ ቁልፍና ባለ ወናፍ ትንሿን አኮርዲዮን፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ሆኜ አየኋት። አንዱን ቁልፍ ተጭነው ወናፉን ሲገፉት አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ያንኑ ቁልፍ እንደያዙ ሲስቡት ሌላ። ዜማው በወጣ በወረደ ቁጥር ወናፉ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ለእግር የሚመች ምት የሚወለደው ከዚህ መገፋትና መሳብ ነው። በእንግሊዝ የተለመደችው ባለ ሁለት ረድፍ ሜሎዲዮን በዲ እና በጂ የተቃኘች ናት። በዚህ ምክንያት የምሽቱ ዜማ ሁሉ ማለት ይቻላል በእነዚህ ሁለት ቅኝቶች ይጫወታል፤ ለቫዮሊንም ይመቻሉ። ክላሪኔት ይዞ የመጣ ሰው ግን ጣቱን ብዙ ያስቸግረዋል። ሌላዋ ባለ ወናፍ መሣሪያ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኗ የእንግሊዝ ኮንሰርቲና፣ ከዚህ ትለያለች፤ ቻርልስ ዊትስተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራት ስትሆን ሲገፉም ሲስቡም ያው ድምፅ ነው የምትሰጠው።

የዳንሱ ዜማ ብዙ ጊዜ 32 ባር (የምት መለኪያ) ነው፦ ስምንት ስምንት ባር ያላቸው ሁለት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ። ይህን ሦስት ጊዜ ይዞሩና ሳያቆሙ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ። የሚሻገሩበትን ጊዜ ማወቅ የፈለገ መሪውን ይይ፤ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ቀና ይላል፣ አንዳንዴም የሚቀጥለውን ቅኝት ጮክ ብሎ ይጠራል። ሆርንፓይፕ የሚባለውን የዳንስ ዜማ ከአይሪሾቹ ቀስ አድርገው፣ እየረገጡ ነው የሚጫወቱት፤ እኔም የወደድኩት ይህንኑ ክብደቱን ነው። የሚበላሸው አንድ ፈጣን ሰው ሲገፋቸው ነው፤ ወይም ሦስት ጊታር የተለያየ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲመታ። አንድ ጊታር ይበቃል። መሣሪያ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ዜማውን አንድ ዙር አድምጡ፣ በሁለተኛው ቀስ ብላችሁ ግቡ።

በዜማዎቹ መሃል ዘፈን ይመጣል። አንዲት ሴት ምንም ሳትናገር ዓይኗን ጨፍና ያለ መሣሪያ ጀመረች። አሳላፊው የፓምፑን እጀታ ግማሽ ላይ ይዞ ቆመ፤ ስንኙ እስኪያልቅ ቢራውን ቀድቶ አልጨረሰም። አዝማቹ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ አነሳው፤ ወንዶቹ ዝቅ ብለው፣ ሌሎቹ ከላይ፣ ማንም ሳያከፋፍላቸው። ከጎኔ የነበሩ አሮጊት የቃላቱን ደብተር ወደኔ ገፋ አድርገው በጣታቸው መስመሩን አሳዩኝ። በመጀመሪያው አዝማች ዝም ማለት ያምራል፤ ከሦስተኛው በኋላ ዝም ማለት ግን ራስን ማግለል ነው። በስልክ ለመቅዳት የዘፋኙን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

እነዚህ ዘፈኖች ከተራ ሰው አፍ የተሰበሰቡ ናቸው። የባህል ዘፈን ሰብሳቢው ሴሲል ሻርፕ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1903 በሳመርሴት ሐምብሪጅ መንደር የአንድ አትክልተኛ ዜማ ሰምቶ መጻፍ ጀመረ፤ በሕይወቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰበሰበ። ዘፈኑን የወደደ ሰው «ራውድ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ስቲቭ ራውድ ያዘጋጀው ማውጫ 25,000 ገደማ ዘፈኖችን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ለንደን ሴሲል ሻርፕ ሃውስ ያለው የቮን ዊሊያምስ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል።

ያናደደኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የልደት ድግስ ይዘው የገቡ ሰዎች በዝግታ ዘፈን ላይ የጮኹት ነው። ሁለተኛው ሌላ ፐብ ፎቅ ላይ የያዝኩት ክፍል፤ 75 ፓውንድ ከፍዬ የማቀዝቀዣ ሞተር እስኪነጋ ከትራሴ ሥር ሲያጉረመርም አደረ። ከኩሽናና ከምድር ቤት በላይ ያልሆነ ክፍል መሆኑን አረጋግጣችሁ ያዙ።

ሙዚቃው 5 ሰዓት ላይ የቆመውም በዘፈቀደ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ2005 በፊት በፐብ ከሁለት በላይ ሙዚቀኛ ለማጫወት የተለየ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የ2012ቱ የቀጥታ ሙዚቃ ሕግ ድምፅ ማጉያ የሌለውን ጨዋታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያለ ፈቃድ ፈቀደ። ትንንሽ ቤቶች ሴሽን ማስተናገድ የቀለላቸው በዚህ ነው፤ ሕጉም በጎ ሥራ ሠርቷል እላለሁ።

ጉዞው ከኖቬምበር 11 በኋላ ካለው እሁድ እስከ ዲሴምበር 26 ባለው ጊዜ ከወደቀላችሁ ከሼፊልድ በስተምዕራብ ወዳሉት ዳንግዎርዝና ስታኒንግተን መንደሮች ውጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን የተገፉትን የገና መዝሙሮች የመንደሩ ሰው በፐብ ውስጥ ጠብቆ አቆይቷቸዋል፤ በእሁድ ቀትር ተጠጋግተው ቆመው ይዘምሯቸዋል። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ በር ላይ ትቀራላችሁ፤ የእሁድ አውቶቡስም ጥቂት ስለሆነ መመለሻውን አስቀድማችሁ እዩ።