ስንት ዓሣ ይበቃል? መብራት የጠፋበትን ሌሊት አስቡ

አኳሪየም የገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዓሣ ይይዛል?» ነው። ሻጩ የሚነግረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ሞላ ብሎ እንዲታይ የሚያደርገውን ነው። ትክክለኛው ቁጥር ግን የሚለየው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ፊልተሩ ቆሞ፣ እስኪነጋ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያን ሌሊት እየተነፈሱ ማደር የሚችሉትን ያህል ብቻ አስገቡ።

ደጋ ላይ ለምንኖር ነገሩ ይብሳል። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው፤ የሚሟሟው መጠን ደግሞ ከአየሩ ግፊት ጋር ይወርዳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ያው ውሃ 6.2 ገደማ ብቻ ይይዛል። ገና ዓሣ ሳይገባ ሩቡ ጎድሏል ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚደጋገመው «ለአንድ ኢንች ዓሣ አንድ ጋሎን ውሃ» የሚለው ስሌት ለአንድ ሴንቲሜትር 1.5 ሊትር ይደርሳል። እዚህ 2 ሊትር አድርጉት። ሴንቲሜትሩ የሚቆጠረው ጅራቱን ሳይጨምር፣ ዓሣው ሲያድግ በሚደርስበት ርዝመት ነው፤ በላስቲኩ ውስጥ በሚታየው አይደለም።

ስሌቱ የሚሠራው ለትንንሽ ዓሣ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባለ 20 ሴንቲሜትር ዓሣ ከአራት ባለ 5 ሴንቲሜትር ዓሦች ጋር እኩል አይበላም፣ እኩል አይተነፍስም፣ እኩል አያቆሽሽም።

በተግባር እንየው። 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ በወረቀት 54 ሊትር ነው። አሸዋው፣ ድንጋዩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 45 ይቀራል። ያ 22 ሴንቲሜትር ያህል ዓሣ ነው፦ 6 ኒዮን ቴትራ። በቃ። ያንሳል ትሉ ይሆናል፤ ሣር ተክላችሁበት ስድስቱ አብረው ሲዋኙ ግን ተጨናንቀው ከሚያዛጉ ሃያ ዓሦች የተሻለ ይታያል። አቅም ካለ 80 በ35 በ40 የሆነውን ግዙ። 95 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚይዝ 6 ኮሪዶራስና 5 ወንድ ጋፒ ይችላል። ብዙ ውሃ ለጀማሪ ይቀላል፤ ስህተት ቢሠራም መርዙ ቶሎ አይከማችም። ክብደቱን ግን አስቡ፤ ይሄኛው ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚሆን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይሸከመውም።

አሁን ወደ ጎልድፊሽ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በክብ መስታወት ውስጥ ባለ አንድ ጎልድፊሽ ነው፣ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡትም እሱው ላይ። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ያለሂተር ይኖራል፣ በዚህ በኩል ለእኛ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ መጠኑ ነው። ቀጭኑና ባለ አንድ ጅራቱ ከ20 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ቦታው የግቢ ኩሬ እንጂ ሳሎን አይደለም። ባለ ሁለት ጅራቱ ድቡልቡል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ለሁለቱ ከ120 ሊትር ያላነሰ ውሃና ጠንካራ ፊልተር ያስፈልጋል። በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እድገቱ የሚቀጨው ውሃው ስለቆሸሸ ነው፣ ቶሎ የሚሞተውም በዚያው ምክንያት ነው።

ሱቅ ውስጥ በጣት ልክ ሆነው የሚሸጡ ሌሎችም አሉ። «መስታወት ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጠው የተለመደው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ከሚያጸዳው ይልቅ የሚያቆሽሸው ይበልጣል። ኦስካር 30 ይሞላል፣ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ይበላል። ሻርክ እየተባለ የሚሸጠው ፓንጋሲየስ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ የወንዝ ዓሣ ነው። እነዚህን ሦስቱን በመደበኛ የቤት ገንዳ ውስጥ የሚያኖር መላ የለም።

ስለ ጸባይም ትንሽ። ኒዮንና ኮሪዶራስ ከስድስት ካነሱ ይፈራሉ፣ ቀለማቸው ይደበዝዛል። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ገንዳ ውስጥ አይገቡም፣ እስከ ሞት ይጣላሉ። ጋፒ በአራት ሳምንት ገደማ ይወልዳል፤ ሴቷ አንዴ ከወንድ ከተገናኘች ዘሩን ለወራት ስለምታቆይ ብቻዋን ብትገዟትም መውለዷን አትተውም። ስለዚህ ወንድ ብቻ ግዙ። ወንዱ ትንሽ፣ ባለ ቀለምና ባለ ትልቅ ጅራት ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም።

ገንዳው በተገዛበት ቀን ዓሣ አይገዛም። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ 26 ዲግሪ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሂተር በሌለው 18 ዲግሪ ውሃ ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል። ፊልተሩን አብሩ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉ፣ በፈሳሽ ጠብታ በሚሠራው መመርመሪያ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፣ ከዚያ ናይትራይት። ምግብ እየተጣለም ሁለቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ዜሮ ካሳዩና ናይትሬቱ ከጨመረ ገንዳው ደርሷል። ማሳጠር ከፈለጋችሁ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው ያገለገለ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኑ፤ ሳይደርቅ፣ በራሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ አምጥታችሁ ፊልተራችሁ ውስጥ ክተቱት። ከእርሾ አይለይም፣ የሰው ቤቱ ቶሎ ያነሳል።

ውሃው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። አፉ በተከፈተ ባልዲ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቀመጥ ይበናል፤ የተዘጋ ሮቶ ውስጥ ወይም ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን ውስጥ ግን ሊቆይ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁልጊዜ አንድ ባልዲ የሰነበተ ውሃ ይኑራችሁ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ላላችሁ ማስቀመጡ አይሠራም፤ ውሃችሁ የሚታከመው አብዛኛውን ዓመት በክሎራሚን ስለሆነ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ግዴታ ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሩ፣ አዲሱ ውሃ በእጅ ሲነካ ከገንዳው ጋር የሚመሳሰል ይሁን። ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አትጠቡት፤ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ብዙ «ሳይታመም ሞተ» የሚባል ዓሣ የሞተው ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ በታጠበ በሦስተኛው ቀን ነው።

ዓሣ ሲመጣ ላስቲኩን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት። ከአቅራቢያ ሱቅ ከሆነ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው አንድ የቡና ስኒ የገንዳ ውሃ እየጨመራችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከሩቅ አገር ወይም ብዙ ሰዓት ተጉዞ ከመጣ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አሞኒያ ተከማችቷል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃውን አሲዳማ ስላደረገው ብቻ መርዝነቱ ታግዷል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሞኒያው ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ከፍታችሁ ወዲያው በመረብ አውጡት። በሁለቱም መንገድ የላስቲኩ ውሃ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ዓሣ ብቻ፣ ቀጣዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ከሆኑ። የባክቴሪያው ቁጥር የሚያድገው ከሚያገኘው ቆሻሻ ጋር ነው፤ በአንድ ቀን አሥር ዓሣ ቢጨመር አይደርስበትም። ከመጀመሪያዎቹ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በሌላ ባልዲ ወይም ትንሽ ገንዳ ሦስት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። በረድ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካመጣ እዚያው ይታከማል። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል። የእንጀራ ፍርፋሪና ዳቦ ክልክል ነው። ረቡዕና ዓርብ ባይሉም ዓሦቹ በሳምንት አንድ ቀን ይጹሙ፣ ምንም አይሆኑም።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ነገር ምግብ ማቆም ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ አብሩት፤ የስፖንጅ ፊልተር ያለው ሰው ቱቦውን እሱ ላይ ስለሚሰካው ባክቴሪያውም አብሮ ይተርፋል። ለጀማሪ ከተዘጋው (ስፖንጁ በዝግ ዕቃ ውስጥ ካለበት) ፊልተር የስፖንጁን የምመርጠው ለዚህ ነው። ፓምፕ ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳችሁ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ዓሦቹ ከላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው የሚቅሙ ከሆነ ኦክሲጅኑ እያለቀ ነው። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ የተዘጋውን ፊልተር ዝም ብላችሁ አታስነሱት። ውስጡ የቆመው ውሃ ስለሚበላሽ መጀመሪያ ድፉት፣ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቁ። በማግስቱ አሞኒያ ለኩ፤ ከዜሮ ከፍ ካለ ሩብ ውሃ ቀይሩ።

ዓሣው ከገንዳው በላይ ካደገ ወይም ጋፒው ከበዛ ለሱቁ መልሱት ወይም አኳሪየም ላለው ሰው ስጡ። ወንዝና ሐይቅ መልቀቅ ምሕረት ይመስላል፤ አይደለም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ሌላ የትም የሌሉ ወደ 15 የሚጠጉ ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ጎልድፊሽ የውጭ እንግዳ ነው፤ ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ እንቁላል ይበላል፣ በሽታ ይዞ ይገባል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጣናን የወረረው እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በብዙው ዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። የምትከረክሙትን ሣር ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ሲደርቅ ጣሉት፣ ቀንድ አውጣ ከነእንቁላሉ ሊኖርበት ይችላል። በየሳምንቱ የምትቀዱት ውሃ ግን መድኃኒት ካልገባበት ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነው፤ ጓሮ ላለው ጎመን ወይም በረንዳ ላይ ላለው ጤና አዳም አፍስሱት።