ዜሮ የሰጠሁት «አዎ»

ከባለቤቴ ጋር በማርሻል ደሴቶች በበጎ ፈቃድ ካስተማርንበት ዓመት ዛሬም ድረስ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም በገዛ እጄ ሞልቼና ፈርሜበት ወደ ዋና ከተማው ወደ ማጁሮ የላክሁት የ8ኛ ክፍል ማርክ ሊስት ነው።

ወደ አሜሪካ ከመሄዴ በፊት ደሴ ውስጥ ለ11 ዓመታት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ባለቤቴም ሜሪላንድ ውስጥ በሕፃናት መዋያ ብዙ ዘመን ሠርታለች። ልጆቻችን ራሳቸውን ሲችሉ ለአንድ ዓመት ለማስተማር ተመዝግበን የደረሰን ከማርሻል ደሴቶች 29 አቶሎች መካከል ከማጁሮ በትንሽ አውሮፕላን የሚኬድበት ሩቅ ስፍራ ነበር። አቶል ማለት ውቅያኖስ መሐል እንደ ቀለበት የተዘረጋ የኮራል መሬት ነው፤ የእኛው ከውቅያኖሱ ዳር ተነሥቶ በውስጥ በኩል እስካለው ጸጥተኛ ባሕር ድረስ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የምንጠጣው ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነበር፤ ጠመኔው እንኳን እርጥበት ጠጥቶ ሰሌዳው ላይ አልጽፍ ይል ነበር። ባለቤቴ ትንንሾቹን ያዘች፤ እኔ 7ኛንና 8ኛን።

ያን ጊዜ እዚያ 8ኛ ክፍልን የሚጨርሱ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ይፈተኑ ነበር። ከሩቆቹ ደሴቶች የሚያልፉት ጃሉይት ወይም ዎትጄ በተባሉት አቶሎች ወዳለው የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ያላለፈ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ኮኮናት እየፈለጠና ኮፕራ የሚባለውን የውስጡን ነጭ ሥጋ እያደረቀ ይቀር ነበር። ስለዚህ የግማሽ ዓመቱ ማርክ ቀላል ነገር አልነበረም። ያስመደበን ድርጅት በዚያ ማርክ የተመረጡ 6 ልጆችን በዕረፍት ጊዜ ማጁሮ ወስዶ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከ100ው 20ው ደግሞ የክፍል ውስጥ የቃል ተሳትፎ ነበር።

አጠያየቄ ደሴ የለመድሁት ነበር። ማርክ ሊስቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስም እጠራለሁ፤ «ይህ ቁጥር ለ3 ይካፈላል?» እላለሁ፤ ከዚያም እስክሪብቶዬን ይዤ ድምፅ እጠብቃለሁ። ድምፅ የለም። እደግመዋለሁ፤ አሁንም የለም። ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ፣ በጽሑፍ ፈተና ክፍሉን ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በአንድ ሳምንት 9 ጊዜ ጠይቄአት 9 ጊዜም ዝም አለችኝ ብዬ በስሟ ትይዩ ዜሮ ጻፍሁ። ከ14ቱ ለ8ቱ እንዲሁ አደረግሁ። ይህን ያደረግሁት ተናድጄ አልነበረም፤ አዝኜ፣ ዜሮው ነገ አፏን ያስከፍታታል ብዬ አምኜ ነው።

ከመላኬ በፊት ወረቀቱን ለርእሰ መምህሩ አሳየኋቸው። በዕድሜ የገፉ የዚያው ደሴት ሰው ናቸው። «ልጆቹ ሲጠየቁ አይመልሱም፤ ዜሮ መስጠቴ ተገቢ አይመስልዎትም?» አልኋቸው። እሳቸው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መልሰው ዝም አሉ። ባደግሁበት ቤት ሽማግሌ ዝም ካለ ፈቅዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ በፖስታ አሸግሁትና በማግስቱ ለመጣው አውሮፕላን ሰጠሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማታ፣ በፀሐይ ኃይል በምትሠራው ፋኖሳችን ዙሪያ ተቀምጠን፣ ባለቤቴ የዋለችበትን ታወጋኝ ጀመር።

«እነዚህ ልጆች አዎ ለማለት አፋቸውን አይከፍቱም እኮ» አለችኝ። «ቅንድባቸውን ነው ከፍ የሚያደርጉት። ወላጆቻቸውም እንደዚያው ናቸው። መጀመሪያ የተገረሙብኝ መስሎኝ ነበር።»

«የእኔዎቹ እንደዚያ ሲያደርጉ አላየሁም» አልኋት።

«አንገትህን ማርክ ሊስት ላይ ደፍተህ በምን ታያቸዋለህ?»

መልስ አልሰጠሁም። ጥቂት ቆይታ ቴርሞሱን አነሣችና «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችኝ። ሐሳብ ይዞኝ ስለነበር፣ አገር ቤት እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልሁ። ቴርሞሱን መልሳ አስቀመጠችው።

«ድምፅ አልሰማሁም» አለች። «ዜሮ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መግለጽ ይቸግረኛል። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ወር የመኪና ማቆሚያ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አለቃዬ ሥራው ገብቶኝ እንደሆነ በጠየቀኝ ቁጥር ትንፋሼን ሳብ አድርጌ ስመልስለት «አሞሃል ወይ?» እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ይጠይቀኝ ነበር። ለአንዱ ግልጽ የሆነ መልስ ለሌላው እንደማይታይ የማውቅ ሰው ነበርሁ ማለት ነው፤ ይህን በራሴ ላይ ደርሶ የማውቅ ሆኜ ሳለ ስምንት ልጆች በየቀኑ እየመለሱልኝ ስምንቱንም መልስ የላቸውም ብዬ በጽሑፍ አጽድቄአለሁ። ከድካምም ከባዕድነትም ጋር ላያይዘው አልፈልግም። ቀና ብዬ አለማየቴ ነው።

በማግስቱ ማርክ ሊስቱን ቤት ትቼው ገባሁ። ልጅቷን ጠርቼ፣ 51 ለ3 ይካፈል እንደሆነ ጠይቄ ፊቷን አየሁ። ሁለቱ ቅንድቦቿ ከፍ ብለው ተመለሱ፤ ፈጣን ነው፣ ዐይን ከመጨፈን ብዙ አይዘገይም፤ አገጯም ከእነሱ ጋር በጥቂቱ ከፍ አለ። 52ን ጠየቅኋት። ፊቷ ምንም አልተንቀሳቀሰም። 54ን ስጠይቃት ቅንድቧ እንደገና ተነሣ። ሰሌዳው ላይ ከጻፍኋቸው 12 ቁጥሮች አንዱንም አልሳተችም።

ከክፍል ስወጣ በቀጥታ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። «ያን ዕለት ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ዝም አልሁዎት እኮ» አሉኝ በትሕትና። «ብስማማ ኖሮ ቅንድቤን ባነሣሁ ነበር።»

የልጆቹን አዎ እንደ ዝምታ፣ የእሳቸውን ዝምታ እንደ አዎ ቆጥሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ገልብጬ አንብቤአለሁ። በዚያው ቀን ለድርጅቱ አስተባባሪ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የሆነውን ሳልደብቅ ዘርዝሬ፣ ስምንቱ ዜሮዎች እንዲነሡና ምርጫው እንደገና እንዲሠራ ለመንሁ። መልሱ የመጣው በሚቀጥለው አውሮፕላን ነበር፤ አጭር ነው። የገባ ማርክ አይለወጥም፤ ደግሞም ልጆቹ በእንግሊዝኛ ድምፅ አውጥተው መመለስ መልመድ ይኖርባቸዋል ይላል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበልሁትም፤ ስሕተቱን የሠራው መምህር ራሱ ተሳስቻለሁ እያለ ማርክን የማያርም መዝገብ ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ሁለተኛውን ግን ልቃወመው አልቻልሁም።

ስድስቱ ልጆች ወደ ማጁሮ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። እኔና ባለቤቴ ለቀሩት ስምንቱ በዕረፍቱ ሁሉ ማታ ማታ ቤታችን አስተማርናቸው፤ እናቶቻቸው የቀቀሉትን ወይም በፍም የጠበሱትን የዳቦ ፍሬ ይልኩልን ነበር፤ ልጆቹም የፓንዳነስ ቅጠል ምንጣፍ ላይ ፋኖሷን ከበው ይሠሩ ነበር። በዚያ ምንጣፍ ላይ ግን እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም። እሷ የምትለው ቅንድብ መልስ ነው፣ ሙሉ መልስ ነው፣ ተጨማሪ መጠየቅ ልጁን አላመንሁህም ማለት ነው የሚል ነው። እኔ የምለው ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፊሊፒንስ፣ ከፊጂ፣ ከአሜሪካ የመጡ መምህራን ይጠብቋቸዋል፤ ከእነርሱም አንዱ እንደ እኔ አንገቱን ደፍቶ የሚጠይቅ ከሆነ ልጅቷን ማን ያድናታል የሚል ነበር።

ከመመለሳችን በፊት ባለው የመጨረሻ ምሽት ለልጅቷ አንድ የክፍልፋይ መልስ አሳይቼ ልክ መሆን አለመሆኑን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ቅንድቧን አነሣች። አየኋት፤ ማየቴንም እንድታውቅ ራሴን ነቀነቅሁላት። ከዚያ ግን ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ጣቷን ምንጣፉ ላይ እያመላለሰች ጥቂት ቆየችና በቀጭን ድምፅ በእንግሊዝኛ «አዎ» አለች። እኔ ደስ አለኝ። ልጆቹ ሲሄዱ ባለቤቴ ደብተሮቹን እየሰበሰበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ሁለት ጊዜ አስመለስካት» አለችኝ።