ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ

አራት ልጆች ጥግ ይዘው እቃቃ እየተጫወቱ ነበር። ሦስቱ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አራተኛዋ፣ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ልጅ፣ «እኔ ሚስ ነኝ» ብላ ፊታቸው ቆማለች። እኔ ራቅ ብዬ የተቀደደ የሥዕል መጽሐፍ በፕላስተር እለጥፋለሁ።

ልጅቷ የወደቀ አሻንጉሊት ልታነሣ ጎንበስ አለች። ግን አላነሣችውም። እጇን ወገቧ ላይ ጭና «ኧረ ወገቤን!» አለችና ትንሿ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «በሉ እናንተ ሩጡ፣ እኔ ደክሞኛል» አለቻቸው። ሦስቱ ብድግ ብለው ሮጡ። ትንሽ ቆይታ እሷም ተነሣችና ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። በሩን ከፈተች። ከበሩ ጀርባ ተሸሽጋ፣ ባዶ እጇን ወደ አፏ አስጠግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠጣች። ፈጠን ፈጠን እያለች ነው የምትጠጣው። ከዚያ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ በሩን በቀስታ ገጠም አደረገችው።

ፕላስተሩ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያቺ ሚስ እኔ ነኝ።

የቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የኔ ለስላሳ መጠጥ ነበር። ቁርስ ሳልበላ ስለምገባ ረፋድ ላይ ራሴን ያዞረኛል። ያን ጊዜ በሩን ከለል አድርጌ ሁለት ሦስቴ እጎነጫለሁ። በሩን የምከልለው ልጆቹ እንዳያዩኝ ብዬ ነበር። ስንት ወር እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። እሷ ግን አይታኛለች። አፌን እንዴት እንደምጠርግ ሁሉ አይታለች።

ግድግዳችን ላይ በትልቁ የተሳለ ብርጭቆ ውኃ አለ። ጠዋት ጠዋት «ውኃ እንጠጣ፣ እጃችንን እንታጠብ» እያልን እንዘምራለን። ልጅቷ መዝሙሩን አንድም ቃል ሳትስት ትለዋለች። ሚስ ስትሆን ግን መዝሙሩን አልተጫወተችውም። የተጫወተችው ቁም ሳጥኑን ነው።

ሥልጠና ላይ የተማርኩት ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ከ3 እስከ 6 ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲመታ አዩ። በኋላ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተዉ ብዙዎቹ ያንኑ አደረጉ፤ አመታቱንና አነጋገሩን ሳይቀር ቀዱት። ማንም «እንዲህ አድርጉ» አላላቸውም። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ከራሴ ጉሮሮና ከራሴ ወገብ ጋር ግን አንድም ቀን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ቋጥሬ መጣሁ። ለስላሳውን አቆምኩ። 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ደግሞ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ የቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጠፍኩት። አራት ቀን ሆነኝ። አምስተኛው ቀን የቋጠርኩት ቁርስ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ዋለ፤ ምክንያቱም የምበላበት ደቂቃ አልነበረኝም። ረፋድ ላይ ራሴን አዞረኝ። ከጎረቤት ክፍል ለስላሳ ለምኜ ጠጣሁ።

የዚያን ቀን ልጆቹ ሲተኙ ለሁለቱ የክፍል ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። አንጋፋዋ መምህርታችን፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው ሴት፣ ዝም ብለው ቆዩና «እኔኮ ልጄ፣ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ ውኃ አልጠጣም» አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ «ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ሕፃናቱን ለማን ጥዬ?» አሉ። በዓመት ሁለት ሦስቴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያማቸዋል። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት ይዞ መዋል ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ያውቃሉ። የሚያውቁትን የሚያደርጉበት ቀዳዳ ነው ያጡት። ልጆቹን ግን በየሰዓቱ «ውኃችሁን ጠጡ» ይላሉ፣ ኮዳቸውን ራሳቸው እየከፈቱ።

ረዳታችን ወጣት ናት፤ ወገቧ ግን ከኔ የባሰ ነው። ሦስታችን በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ልጅ እንደምናነሣ እንቁጠር ተባባልን። እሷ 43 ጊዜ አነሣች። የኛ ልጆች አንዱ በአንዱ ላይ ሲታሰብ 15 ኪሎ ገደማ ናቸው። በአንድ ቀን ከ600 ኪሎ በላይ ማለት ነው፤ ያውም ጎንበስ እያሉ፣ የሚንፈራገጥ ሸክም። ይህን ሳሰላ እውነት ለመናገር አለቀስኩ። «ሰነፍ ሆናችኋል፣ ከልጆቹ ጋር አትሮጡም» ተብለን እናውቃለን። ሰው በዚህ ወገብ ምን ይሮጣል?

የቆጠርነውን የጻፍንበትን ወረቀት ይዘን ኃላፊያችን ጋ ገባን። እሷም ቅን ሰው ናት። ሰምታን ስታበቃ መጀመሪያ ያመጣችው ሐሳብ ግን የክብደት መቀነስ ውድድር ነበር። በየሳምንቱ እንመዘን፣ ያሸነፈ ይሸለም አለች። እኔ አይሆንም አልኩ። አሁንም ቢሆን አቋሜ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ቦርጫችን ስናወራ ልጆቹ ይሰማሉ። አንዲት ልጅ ምሳዋን ገፋ አድርጋ «እወፍራለሁ» ያለችኝ ቀን አለ። አራት ዓመቷ ነው። ይህን ከየት አመጣችው ብዬ ቤተሰብ ላይ ልጠቁም ስል፣ ያን ጠዋት እኔና ረዳታችን ስለ ቀሚስ ቁጥር ያወራነው ትዝ አለኝ። እኛ የጎደለን ሚዛን አይደለም አልኳት። የጎደለን 15 ደቂቃ ነው።

ከብዙ ንግግር በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው። ረፋድና ከሰዓት፣ እያንዳንዳችን 15 ደቂቃ ከክፍል እንወጣለን። በዚያን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚኖረው አዋቂ ቁጥር እንዳይጎድል ከቢሮ አንድ ሰው ይገባል። ቀላል ይመስላል፤ እስኪለመድ ግን ሁለት ወር ፈጀ። መጀመሪያ የመጣው ለውጥ የአንጋፋዋ መምህርት ኮዳ ነው። ሰማያዊ ኮዳ ገዝተው መጡና ከልጆቹ ኮዳዎች ጋር እዚያው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። «አሁን የሁላችንም ሰዓት ነው» ብለው ከፍተው ሲጠጡ፣ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው የየራሳቸውን አወረዱ። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ውስጥ «ውኃችሁን ጠጡ» ተብሎ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

የምግቡ ነገር ግን እንዲህ አልቀናንም። ድሮ ልጆቹ ሲበሉ እኛ ቆመን እንዞር ነበር። አፍ እንጠርጋለን፣ «ጨርሱ!» እንላለን። የራሳችንን ምሳ በኋላ ቆመን እንጎርሳለን። ኃላፊያችን ከልጆቹ ድስት ለኛም እንዲወጣ ፈቀደችና አብረናቸው ቁጭ ማለት ጀመርን። ትንሿ ወንበር ላይ አይደለም፤ ያቺ ወንበር ጉልበትና ወገብ ትጨርሳለች። ለኛ የሚሆን ዝቅ ያለ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጠን። ካሮት ሲቀርብ ካሮቴን በላሁ። ዝም ብዬ፣ በጨዋ ደንብ። አንድም ልጅ አልነካውም። በማግስቱም ያው።

ሦስተኛው ቀን አንጋፋዋ መምህርት አንዷን ካሮት አንሥተው «እስቲ ዝም በሉ፣ ድምፁን ስሙልኝ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጨም አደረጉት። «እምምም! እንዴት ደስ ይላል!» አሉ፣ ከልባቸው። ካሮት በእርግጥም ይወዳሉ። አጠገባቸው ያለው ልጅ «የኔም ድምፅ አለው?» ብሎ ነከሰ። ከዚያ በየተራ ጆሯቸውን እያስጠጉ የአንዱን ካሮት ሌላው ይሰማ ጀመር። በኋላ ሳነብ ነገሩ የኛ ክፍል ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት መምህራን ዝም ብለው ሲበሉ ልጆች አዲስ ምግብ ለመቅመስ እንደማይነሣሡ፣ በግልጽ ደስ እያላቸው ሲበሉ ግን እንደሚቀምሱ አሳይቷል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል። እኩያ ልጅ ሌላ ነገር ሲመርጥ የመምህሯ ደስታ አቅም ያጣል። ይህንንም አይተነዋል። አንድ ልጅ «ያስጠላል!» ብሎ ፊቱን ሲያጨማድድ ጠረጴዛው ሙሉ ሹካውን አስቀመጠ። አልተቆጣነውም፣ አልለመንነውም። በሚቀጥለው ቀን ካሮት ከሚወደው ጓደኛው አጠገብ አስቀመጥነው። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ስለዚህ አንቸኩልም። «ካሮቱን ከበላህ ብስኩት እሰጥሃለሁ» ማለትንም ትተናል። እንዲህ ሲባል ልጁ ብስኩቱን ይበልጥ ይወዳል፣ ካሮቱ ደግሞ ቅጣት ይሆንበታል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ደረጃውን ነው። ዳይፐር የሚቀየርበት ጠረጴዛ ወገብ የሚቆርጥ ቁመት አለው። ትንንሾቹን በቀን ስንት ጊዜ ወደዚያ እንሰቅላቸው ነበር። የግቢው ጥገና ሠራተኛ ከተረፈ እንጨት ሦስት እርከን ያለው ደረጃ ሠራልን፤ መያዣም አበጀለት። የመጀመሪያው ቀን አንድ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አንዱን እርከን ወጣና ዞር ብሎ አየኝ። እጄን ጀርባው አጠገብ አድርጌ ቆምኩ፤ አልነካሁትም። ሁለተኛውን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሁለት እጁን ሽቅብ አነሣና ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊያነሣው የሚሞክርን ሰው «እኔ! እኔ!» እያለ ይገፋል። ረዳታችን እንደገና ስትቆጥር 43 የነበረው 19 ሆኖ አገኘችው። የግድ ማንሣት ሲኖርባትም ጉልበቷን አጥፋ፣ ልጁን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው የምትነሣው። ወገቧ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ግን ከሰዓት በኋላ ኳስ ይዛ ግቢ ትወጣለች።

እሷ ከወጣች ደግሞ ማን ይቀራል? ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው፣ ከዚያ ውስጥ 60ው ትንፋሽ ፈጠን የሚያደርግ ይሁን ይላል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ። እኛ ግድግዳ ተደግፈን ስንቆም ልጆቹም ቀሚሳችንን ይዘው አጠገባችን ይቆማሉ። ረዳታችን ስትሮጥ ግቢው ይናጋል።

ያልፈታነው ነገር አለ። አንዳችን ስንታመም የሚተካን ሰው የለም። ስለዚህ ትኩሳት ይዞን እንገባለን፣ ልጆቹ ላይ እናስላለን፣ ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ክፍል ያስላል። ግድግዳው ላይ ክንድ ውስጥ ስለ ማሳል ሥዕል ለጥፈናል። የታመመ ልጅ ቤት ይዋል ብለን ለወላጅ እንጽፋለን። ለራሳችን ግን አንጽፍም። ተተኪ ሠራተኛ ይቀጠርልን ብለን በጽሑፍ ጠይቀናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ባለፈው ሰኞ አንጋፋዋ መምህርት ትኩሳት ይዟቸው ገቡ። ኃላፊያችን በር ላይ አይታቸው «እርስዎ ዛሬ ወደ ቤት» አለቻቸው። ሊከራከሩ ሞከሩ፤ አልሰማቻቸውም። ቦርሳቸውን ራሷ ተሸክማ መኪና ድረስ ሸኘቻቸውና ተመልሳ ክፍላችን ገባች። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ዋለች። ስልኳ ስንቴ እንደጠራ አላውቅም።

ረፋድ ላይ ልጆቹ ኮዳቸውን ሲያወርዱ፣ ያቺ ቁም ሳጥኑን የተጫወተችው ልጅ ኃላፊያችን ፊት መጥታ ቆመች። እጇ ውስጥ የራሷ ኮዳ አለ። መደርደሪያውን አየች፣ ኃላፊያችንን አየች።

«ያንቺስ የታለ?» አለቻት።

ኃላፊያችን «አላመጣሁም» አለች።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ወደኔ ዞረች። «ሚስ፣ ብርጭቆ ስጫት።»