በአሮጌ ቀለም ላይ የብርጭቆ ወረቀት ካነሣሁ በኋላ የተማርኩት

ያረጀውን ቤታችንን ለማደስ በተነሣሁበት ቀን እጄ ቀድሞ የያዘው የብርጭቆ ወረቀት ነበር። የልጃችንን መኝታ ክፍል የመስኮት መቃን ሩብ ሰዓት ያህል በደረቁ ከፈገፈግኩ በኋላ፣ ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴውም ሥር ወፈር ያለ ቢጫማ ቀለም ብቅ ሲል እጄን ሰበሰብኩ። ቤቱ የተሠራው አምራቾች እርሳስ ወይም ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት፣ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅና እርጥበትን እንዲቋቋም ብለው ይጨምሩበት በነበረበት ዘመን መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያ ቀለም ከአዲሱ ሥር ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

በመጀመሪያ ሊድ ሲነካ ቀለሙን በሚለውጥ መመርመሪያ ሞከርኩ። ላዩን ብቻ ስነካው ምንም አላሳየኝም፤ በምላጭ እስከ እንጨቱ የሚደርስ ቁርጥ ካወጣሁ በኋላ ግን ጫፉ ቀላ። እንዲህ ያለው መመርመሪያ አንዳንዴ ስለሚያሳስት፣ ሁሉንም ድርብርብ የያዘ ቅራፊ አሽጌ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ፤ ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ሊድ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ብዙ አገሮች ለአዲስ ቀለም የሚፈቅዱት ከሚሊዮን 90 እጅ፣ ማለትም 0.009 በመቶ ብቻ ነው።

ሥራውን በግማሽ ያቀለለልኝ የማይፋቀውን መለየቴ ነው። ያልተሰነጠቀና ያልተላጠ ቀለም ካልነኩት አቧራ አያወጣም፤ ስለዚህ ግድግዳዎቹን ሳልፍቅ በአዲስ ቀለም ሸፈንኳቸው። መስኮቶቹ ግን በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር እንጨት ከእንጨት እየተፋተገ ዱቄት ያራግፋሉ፤ በእነርሱ ላይ መሥራት ግዴታ ነበር። ትንንሽ ልጆች ወደ ሆዳቸው ከገባው ሊድ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ የሚሆነውን ስለሚወስዱ፣ ሥራው እስኪያልቅ ልጃችን ከባለቤቴ ጋር ዘመድ ቤት ሰነበተ።

ዕቃውን በሙሉ አውጥቼ ወለሉን በሁለት ድርብ ወፍራም ፕላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጠርዙንም በፕላስተር አሸግኩ፣ በሩንም በፕላስቲክ ጋረድኩ። ከዚያ እንጨቱን በመርጫ ውሃ እያራስኩ፣ ሲደርቅ እንደገና እያራስኩ፣ በስፓቱላ ቀስ ብዬ ፋቅሁ። አንድ ወዳጄ በእሳት ቢለበለብ ቶሎ ያልቃል ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ኃይለኛ ሙቀት ሊዱን ወደሚተነፈስ ጭስ ስለሚለውጠው ምክሩን አልተቀበልኩም። የጨርቅ ማስክም ለዚህ ዓይነቱ ብናኝ አይበቃም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥና ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት።

ከመፋቁ ይልቅ ያደከመኝ ጽዳቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቤታችንን ቫኪውም ክሊነር ተጠቅሜ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከፊት የሳበውን ደቃቅ አቧራ ከኋላ መልሶ ይበትናል። በኋላ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ተከራየሁ፤ ይህ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ስፋት ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን ይይዛል። በእርሱ ካጸዳሁ በኋላ ሁሉንም ከላይ ወደ ታች በሳሙና ውሃ ወለወልኩ፤ ማጠቢያውንና ማለቅለቂያውን ውሃ በተለያየ ባልዲ አደረግኩ፣ ቶሎ ቶሎም ለወጥኩ። የሥራ ልብሴን እዚያው ክፍል ውስጥ እያወለቅኩ ለብቻው አጠብኩ፤ ጫማዬም ከበሩ አልወጣም።

ያቺ የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት ስላሳሰበችን ልጃችንን የደም ምርመራ አስደረግነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ሊድ ሲገኝ ምንጩ እንዲፈለግ ይመክራል፤ የእርሱ ከዚያ በታች ነበር። ይሁን እንጂ ከጉዳት ነጻ ነው የሚባል መጠን ስለማይታወቅ፣ ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም አዘዘ። በቀጠሮው ስንመለስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ አገኘነው። የሳሎኑ መስኮት ገና ይቀራል፤ እርሱን ግን ከነመቃኑ አስነቅዬ በአዲስ ለማስተካት ወስኛለሁ።