ከኮምፖስቱ የወጣው ማንኪያ

ሐዋሳ ውስጥ ከሆቴል፣ ከጁስ ቤትና ከመኖሪያ ቤት የምግብ ትርፍራፊ ሰብስበን ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) የምንሠራ አምስት ሰዎች ነን። በሥራችን ጾሙና ፍስኩ በአፍንጫ ይለያል። ሁዳዴ ላይ በርሜሉ የሚሞላው በጎመን ግንድ፣ በድንች ልጣጭና ሽሮ በነካው እንጀራ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ ግን ቅባቱና አጥንቱ ይመጣል። ክምሩ ይረጥባል፣ አየር ያጣል፣ ከዚያ ይገማል። መድኃኒቱ ደረቅ ነገር ማብዛት ነው፤ ከአናጢዎች ሰጋቱራ፣ ከጫት ተራ ገረባ። የገረባ እንጨት ቶሎ ስለማይፈርስ በክምሩ ውስጥ አየር ያሳልፋል። ጫት ሻጮቹ ደግሞ ስለወሰድንላቸው ያመሰግኑናል።

አንድ ደንብ ነበረን። በርሜል ሁሉ መጀመሪያ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፣ ፌስታሉና ቆርኪው ይለቀማል፣ ከዚያ ወደ ክምሩ ይገባል። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሽታው ባሰ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ የአሞራ ገደልን የዓሣ አንጀት ትተው አጥራችን ላይ ተሰለፉ፤ ጎረቤትም አጉረመረመ። የመለየቱን ሥራ የምመራው እኔ ነበርኩ። «ሸራው ለጊዜው ይቅር፣ በቀጥታ ገልብጡና ሰጋቱራ አልብሱት» አልኩ። ለሳምንት ያልኩት ወር አለፈው።

ግንቦት ላይ ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ በሆነ ሆቴል ሳህን የሚያጥቡ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። በርሜሉን ከድነው፣ በር ላይ አውጥተው ነበር የሚጠብቁን። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ አቀበለችን።

«እትዬስ?»

«ማንኪያ ጠፋ ተብሎ ከደመወዛቸው ተቆረጠ። ተጣልተው ወጡ።»

«ምስኪን» ብዬ በርሜሉን ባጃጁ ላይ ጫንኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክምሩ ደረሰ። ሳምንታት ከ60 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ ስንት ጊዜ ተገላብጦ በርዶ ነበር። እንጀራው የለም፣ ጎመኑ የለም፤ የቀረው አጥንትና የአቮካዶ ፍሬ ነው። ዝናቡ እንዳያጨቀየው ቆርቆሮ ሥር ሆነን በወንፊት መንፋት ጀመርን። የመጀመሪያው አካፋ ላይ «ቀጭ» አለ። ማንኪያ። ከዚያ ሌላ። ማታ ላይ 23 ማንኪያና 6 ሹካ ቆጠርን፤ እጀታቸው ላይ የዚያ ሆቴል ምልክት አለ። ባጃጅ ነጂያችን «ቅርጫ እናድርገው?» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

በአመድ አሽተን ወሰድንላቸው። ሱፐርቫይዘሩ ደስ ብሎት ቆጠረ፤ ቡና ጋበዘን። የእትዬን ገንዘብ ሳነሳበት «እሱ የተዘጋ ሒሳብ ነው» አለኝ። ቡናውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ልጅቷ ባመለከተችኝ መሠረት አቶቴ አካባቢ መንገድ ዳር በቆሎ ሲጠብሱ አገኘኋቸው። ሸራውን ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ማኅበራችን ከዚያ ኮምፖስት ሽያጭ የተቆረጠባቸውን ሊተካ እንደወሰነም ጨመርኩ። የከሰሉን ጭስ በእጃቸው እያባረሩ በቆሎውን አገላበጡ።

«ስንት ተገኘ አልክ?»

«23 ማንኪያ፣ እትዬ። ሹካም አለ።»

«እኔ የከፈልኩት የ15 ማንኪያ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «የቀረው እንግዲህ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ይሆናል። እሷንም በዚሁ ነው ያስወጧት።»

ሸራው በማግስቱ ተዘረጋ፤ ፋሲካም መጥቶ ቢሆን አይነሳም። ማንኪያ ሲገኝ በዚያው ቀን ሳህን ለምታጥበው ሰው በእጇ እንሰጣለን። ያችን የመጀመሪያዋን ልጅ ግን እትዬም እኛም እስካሁን እየፈለግናት ነው።